የአደራ ጥጃ

ፀሐይዋ ብቅ ስትል ስድስቱን ከብት ቤት ውስጥ አስገብተን ጨረስን። ልጄ ወንድማገኝ ከፊት ሆኖ ይስባል፣ ሚስቱ አየሁሽ ከኋላ በሻሿ ጫፍ እየነካች ትነዳለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀንዳቸው የግድግዳውን ጭቃ እንዳይቦረቡረው እጄን አስቀድማለሁ። የገቡበት ክፍል ሰሊጥ የምናከማችበት ነው። በደጉ ጊዜ በዚህ ወር፣ በኅዳር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እግር ማሳረፊያ አይገኝም ነበር፤ ጆንያው እስከ ቆርቆሮው ተደራርቦ ሽታው መኝታችን ድረስ ይመጣል። ዘንድሮ ያለው ሁለት ጆንያ ማሽላና ገመዱ የተበጠሰ አሮጌ የአንገረብ አልጋ ብቻ ስለሆነ ስድስት ከብት ገብቶም ቦታ ተረፈ። አየሁሽ ይህን አይታ ሳቀች። ሳቋ ከለቅሶዋ በላይ አስደነገጠኝ።

ቆጣሪዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። የዘንድሮውን የመኸር እህልና የከብቱን ሁኔታ በአገር ደረጃ የሚገመግሙ ናቸው ብሎ የነገረን የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ አንዱዓለም ነው፣ ከትናንት ወዲያ ደጃችን ላይ ቆሞ። ከመንደሩ አሥራ ሁለት ቤት በዕጣ ተመርጦ የእኛም ወጥቷል። እንኳን ደስ ያላችሁ ሁሉ ብሎናል። ስድሳ ስምንት ዓመት ስኖር ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ በዕቁብ እንኳ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ተናገረ። ምርት ያጣና ከብቱ ከአምስት የማይበልጥ ቤት ለዘር፣ ለማዳበሪያና እስከ ሰኔ ድረስ ለሚሰፈር ስንዴ ይመዘገባል፤ ከአምስት በላይ ያለው ከብቱን ሽጦ ይብላ ተብሏል። ምርት እንዳጣን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። የራሳችን ከብት ደግሞ አንድ በሬ ነው። ጓደኛው ነሐሴ ላይ ሲታመም ወንድማገኝ ገንዳ ውሃ ከተማ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ መድኃኒቱ የለም አሉት፤ በአራተኛው ቀን በሬው አፉን አፈር ላይ ደፍቶ አገኘነው።

ስድስቱ የሰርኬ ናቸው። ሰርኬ ታናሽ እህቴ ናት፤ ኑሮዋ ከገለጉ ከተማ ወዲያ ነው። ባሏን አለልኝን ግንቦት ላይ አጋቾች ከእርሻው መሐል ወሰዱት። የወሰዱት ሰዎች በስልክ ሲደውሉላት ስንት ላም፣ ስንት ጊደር እንዳላት ከእሷ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበር፤ የማስለቀቂያውን ዋጋ ያወጡት በከብቱ ቁጥር ነው። ስትሸጥ ስትሸጥ ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ በረቴ ውስጥ ጭራ የለም፣ መጥታችሁ እዩ ብላ ማለችላቸው፤ በውሸት መማሏን ንስሐ አባቷ ይፍቱላት። አመኗትና ለቀቁት። አምስቱን ግን ጫካ ደብቃ ኖሮ፣ ባሏ በገባ በሳምንቱ አራት ቀን ነድታ እኔ ዘንድ አመጣቻቸው። ደጄ ላይ ቆማ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ የአንገቷን ማተብ በእጄ አስያዘችኝ። «የማን ናቸው ያለሽ ሁሉ፣ የእኔ ናቸው በይው። ስሜ ከተጠራ አለልኝን ሁለተኛ አይለቁልኝም» አለችኝ። እሺ አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ። በእኛ ዘንድ ወተቱ የጠባቂው ነው፤ ከብቱ ግን አይሸጥም፣ አይታረድም፣ ስሙ አይነሳም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከመንደሩ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው እርሻችን ላይ፣ ማሽላው ጥግ ተሸሽገው ኖሩ፤ ስድስተኛዋ ጥጃም እዚያው ከተወለደች ወሯ ነው። ማሽላው ሲታጨድ መሸሸጊያቸውም አብሮ ታጨደ። እሑድ አመሻሽ ላይ ወንድማገኝ በጓሮ በኩል አስገባቸው፤ ሦስት ቀን አገዳ ከምረንባቸው ዋሉ።

ይህ ሁሉ ድብብቆሽ ለስንዴው ብቻ ቢሆን ጾሜን እውል ነበር። የልጅ ልጄ መቅዲ አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የአየሁሽ ዘመድ ፈንቴ መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ ጥግ ምግብ ቤት አላት፤ ሻይ የምታቀርብ ልጅ ትፈልጋለች፣ በወር ሦስት ሺህ ብርና ምግቧን። መልሱን ዛሬ አሥር ሰዓት ትጠብቃለች፤ ካልሆነ ሌላ ልጅ አላት። ወንድማገኝ ትናንት ራት ላይ፣ ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሳ፣ ከተመዘገብን መቅዲ ትማራለች፣ ካልተመዘገብን ትሄዳለች ብሎ ቃሉን ተናገረ። እኔ የፈንቴን ቤት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወታደር፣ ደላላ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የተሻገረ፣ ሊሻገር የሚጠብቅ፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣል። የምታስተናግደዋን ልጅ «ሻይ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ስሟን የጠየቀ አልሰማሁም። ለፈንቴ በዚያው ሰሞን፣ ልጄን ከምሰጥ እየራበኝ ልሙት ብያታለሁ፤ ሰምታኛለች።

እንግዲህ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ጥጃዋን ከእናቷ ለይቼ በወዲያኛው ማዕዘን ካለው ምሰሶ ጋር አሰርኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት ነው፤ እጄ ያለ እኔ ያውቀዋል። ጥጃ ከላም ጋር ከዋለች የማታውን ወተት ትጨርሰዋለች፣ የማታዋ አንዲት ኩባያ ደግሞ የመቅዲ ናት፤ ልጅቱ አጥንቷ ወጥቶ ታጠናለች። አየሁሽ አይታኝ «እማማ፣ ዛሬ እንኳ ትጥባ፣ ይተዉአት» አለች። ለአንድ ቀን ብላችሁ ላሚቱን ታበላሿታላችሁ ብዬ ቋጠሮውን አጠበቅሁት። መቅዲ የሳይንስ መጽሐፏን ይዛ ከከብቶቹ ጋር ውስጥ ቀረች፤ ቢንቀሳቀሱ እንድታረጋጋቸው። በሩን ከውጭ ቀረቀርነውና በላዩ ላይ ጆንያ ሰቀልንበት።

ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራትም አለፈ። የዚህን አገር ፀሐይ የማያውቅ በኅዳር ይበርዳል ይል ይሆናል። በአምስት ሰዓት ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ፤ ከጆንያው ሥር የከብት ትንፋሽ እየሞቀ ይወጣል። ውሃ እንስጣቸው ብል ወንድማገኝ በሩ ከተከፈተ ጎረቤት ያያል አለኝ። ጎረቤት ደግሞ አልጠፋም። ያረጋል የሚባለው፣ አጥራችን ከአጥሩ የሚዋሰነው፣ እሱም በዕጣ ከወጡት ቤቶች አንዱ ነበር፤ ጠዋት ቆጣሪዎቹ ሁለት በሬ፣ ሦስት ላምና አንድ ወይፈን ቆጥረውበት ከዝርዝሩ ወጥቷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መንገዱን ይመላለሳል። ወደ እኛ ዞር ብሎ ስለ ዘይት ዋጋ አወራ፣ ስለ ቤንዚን አወራ፤ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከማር ሊበልጥ ነው አለ። ይሁን ይሁን እላለሁ፣ ጆሮዬ ክፍሉ ውስጥ ነው። የመቅዲ ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አፉን ሞልቶ ከብት እንዳይል ዳቦ አስይዤዋለሁ፤ የቤቱ የመጨረሻ ዳቦ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ነጭ መኪና አቧራውን እየጎተተ መጣ። ከአንዱዓለም ጋር ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዷ ማዕረግ የምትባል ወጣት ናት፤ ታብሌት ይዛለች፣ ከንፈሯ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ሌላው ደረበ ይባላል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ፣ የከብት ባለሙያ ነው። ከኋላቸው ያረጋልና ሌሎች አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተከትለው አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆሙ፤ ከመንደራችን ያልሆኑ ሁለት የባጃጅ ልጆችም ነበሩባቸው። የደህና አገር ሰው እንግዳ ሲመጣ ይገባል፤ የእኛ ሰው ዘንድሮ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሌላውን ቁጥር ነው የሚሰማው።

ማዕረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወንድማገኝን ጠየቀችው፤ እሱም እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መለሰ። አምና አራት ሄክታር ዘርተናል፣ ዘንድሮ ሁለት፤ ትራክተር አልነበረም፣ ትራክተር ሲገኝ ናፍጣ የለም፣ ናፍጣ ሲገኝ ዝናቡ አልፎ ነበር። ዩሪያ አራት ኩንታል ያስፈልገን ነበር፤ በማኅበሩ በኩል ጥቅምት ላይ ይመጣል ተባለ፣ ሰሊጥ ሲታጨድ ማለት ነው፤ ከነጋዴ አንዱን ኩንታል በአሥራ አራት ሺህ ብር ሲሉን ግማሽ ኩንታል ገዝተን እንደ በርበሬ በተንነው። የአረም መድኃኒት አልተገኘም። ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች መንገዱ ተዘግቶባቸው ሳይመጡ ቀሩ፤ አረሙን እኔ አሮጊቷ ሳልቀር ወጥቼ ነቅያለሁ። አምና አሥራ ስድስት ኩንታል ሰሊጥ፣ ዘንድሮ ሁለት የማይሞላ። ልጅቱ ጣቷ ፈጣን ነው፣ ሁሉንም ትነካካለች። ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ዓመቱን እንዴት ያዩታል አለችው። የተሻለ፣ ተመሳሳይ፣ የቀነሰ፤ አንዱን ይምረጡ።

«የለም የሚል የለውም?» አላት።

ታብሌቷን ወደ ታች ወደ ላይ አገላብጣ አየች። የለውም አለች፣ እንዳፈረች ሁሉ። የቀነሰ ብላ ጻፈች።

ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ ማሳ አዩ። በሜትር አራት ማዕዘን ለክተው ያልታጨደውን ማሽላ አጨዱ። የማሽላው ራስ እንደ አውራ ጣቴ ነው። ደረበ መዳፉ ላይ አሽቶ እፍ ሲለው ገለባው ሄዶ ፍሬው በጣት የሚቆጠር ቀረ፤ እሱንም መልሶ አፈሩ ላይ አልጣለውም፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይህን ሳይ ጥሩ ሰው ነው አልኩ፤ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ወደ ጥላው ስንመለስ አንዱዓለም ለኔ ብቻ በሚታይ ዓይን አይዞሽ አለኝ። የቀረው የከብት ጥያቄ ነበር። አንድ በሬ አለ ወንድማገኝ፤ በሬውም ደጅ ታስሮ ይታያል፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ማዕረግ አንድ ብላ ጻፈች። በቤቱ ስንት ሰው አለ አለች፤ አምስት አልናት። ታብሌቷን ልትዘጋ ስትል ጥጃዋ ጮኸች።

አጭር ጩኸት ነበረች፤ የፍየል ነው ሊባልም ይችላል። ወንድማገኝ ሳለ። አየሁሽ ባዶ በርሜል መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረች። ግን ጥጃ ከጮኸች እናት ዝም አትልም፤ ላሚቱ ከግድግዳው ወዲያ ቤቱን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መለሰችላት፣ ጥጃዋም መለሰች፣ ከዚያ የሁለቱ ንግግር ሆነ። ጡቷ ሞልቶ፣ ውሃ ጠምቷት፣ ልጇ በአራት ክንድ ርቀት ታስራ። አየሁሽ በርሜሉን ለቀቀችው። ደረበ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየ። «ጥጃ ናት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ገና ወር ገደማ ናት።» ሄዶ ጆንያውን ገለጠና መቀርቀሪያውን ሳበው።

የሙቀቱ እፍታ ከበሩ ሲወጣ ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። መቅዲ ማዕዘኑ ላይ፣ አዛባው ውስጥ ተንበርክካ ነበር። ሁለት ጣቷን ጥጃዋ አፍ ውስጥ ከታ እንድትጠባ ታደርጋለች፤ በሌላው እጇ አንገቷን አቅፋታለች። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፤ መጽሐፏን እንዳይረክስ አንገረቡ ላይ አስቀምጣዋለች። ብርሃኑ ሲመታት ዓይኗን ጨፍና «እምዬ፣ ጣቴ አልበቃ አላት» አለችኝ።

አጥሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። አንዱዓለም መሬት መሬት ያያል። ደረበ ገብቶ ወጣና ስድስት አለ፤ ሁለት ላም፣ ሁለት ጊደር፣ አንድ ወይፈን፣ አንዲት ጥጃ። ማዕረግ የማን ናቸው ብላ ወንድማገኝን ጠየቀችው። የእኛ አይደሉም አለ። ታዲያ የማን አለችው። አፉን ከፈተና ወደ እኔ አየ። ልጄን አርባ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ በዓይኑ የለመነኝን ያህል በአፉ ለምኖኝ አያውቅም። ተናገሪ እያለኝ ነው።

ማዕረግ ከበርጩማው ተነስታ ወደ እኔ መጣች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ የሌላ ሰው ከሆኑ በአደራ የተያዘ ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ አለው። እናንተን አይነካም። የባለቤቱን ስምና ቀበሌ ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ስምና ቀበሌ ብቻ። አጥሩን አየሁት። አሥራ ሁለት ራስ፣ ሃያ አራት ጆሮ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ወረቀት ምን እንደሆነ አላጣውም፤ ወረቀት እግር አለው። የዛሬው ገንዳ ውሃ ይደርሳል፣ ከገንዳ ውሃ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል። የአለልኝን ግንቦት አሰብኩ፤ ሲለቁት እግሩ አብጦ ጫማ እንቢ እንዳለው አሰብኩ። የሰርኬ ማተብ ዛሬም መዳፌን የያዘው መሰለኝ። መቅዲ ከክፍሉ ወጥታ ደፉ ላይ ቆማለች፤ የምለውን እየጠበቀች። እሷንም አየሁ፤ አላየኋትም ብዬ አልዋሽም።

«የእኔ ናቸው» አልኩ።

«ለምን ደበቋቸው ታዲያ?»

«ዓይን ፈርቼ።»

ያን ጊዜ አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ያረጋል ድምፁን ከፍ አድርጎ «እትዬ አሰቡ፣ እኛ ለእርስዎ ስናዝን እርስዎ ባለ በረት ኖረዋል ለካ። ከነገ ጀምሮ ጣሳ ይዘን እንምጣ ወይስ ይልኩልናል?» አለ። ማዕረግ አንዱን አጥፍታ ሰባት ብላ ጻፈች። ቅጹ ፎቶ ይጠይቃል አለች። ላሚቱን አወጧት፣ ጥጃዋም የአንገቷ ቋጠሮ ሳይፈታ፣ ገመዷ ብቻ ከምሰሶው ተላቆ ተከተለች፣ መቅዲ ገመዷን እንደያዘች ከአጠገቤ ቆመች። እጅሽን ቀንዷ ላይ አድርጊ አሉኝ፣ አደረግሁ። ታብሌቱ ቀጭ አለ። ከአጥሩ በኩልም አንደኛው የባጃጅ ልጅ ስልኩን አንስቶ ሲቀርጸን አየሁት፤ እየሳቀ ነበር፣ ለክፋት አይመስለኝም። ሲሄዱ ደረበ ወደ ኋላ ቀርቶ ውሃ ስጧቸው አለኝ። ሌላም ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ መኪናው ጡሩምባ ነፋበት።

ሰዎቹ ተበትነው ደጁ ባዶ ሆነ። አየሁሽ ከብቶቹን አጠጣች፤ አንድ በርሜል ውሃ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ወንድማገኝ የበሬውን ሞፈር ሊጠርብ ተቀምጦ መጥረቢያውን አልነካውም። እኔ ስለ ስንዴው የሚቆጣኝ መስሎኝ መልስ እያሰናዳሁ ነበር፤ አደራ በላ ከምባል እንዲህ እንዲህ ልለው። ስድስት ወር ያልበላነውን ስንዴ እያሰብኩ፣ ዋናውን አላሰብኩትም። እርጅና ነው፣ ፍርሃትም ሲበዛ ያሳውራል።

«እማዬ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ጠዋት አንድ በሬ ያለኝ ሰው ነበርኩ። አሁን ባለ ሰባት ነኝ።»

ይሁን፣ እግዜር ያውቃል አልኩት።

«እግዜር ብቻ ቢያውቅ ምን ነበረበት። የሳንጃ ከተማውን ሰውዬ ልጁን አጋቾች የወሰዱበት በአምስት ከብት ነው።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ገባኝ። የሰርኬን ቁጥር ከሰርኬ ላይ አንስቼ የራሴ ቤት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከፎቶው መሐል ደግሞ መቅዲ ገመድ ይዛ ቆማለች። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት አርባ ደቂቃ ነው፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደረቅ ወንዝ አለ፣ ሁለት ጊዜ ሰው የተወሰደበት። እስከ ዛሬ ጠዋት ያን መንገድ ሳልፈራው አልቀረሁም፤ ግን ከድሃ ልጅ ምን ይፈልጋሉ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ድህነታችን ለካ አጥራችን ኖሯል። ከብቶቹን ዛሬውኑ ልመልስ ብል ወዴት? የአደራ ናቸው፣ የእኔ አይደሉም ብዬ ቀበሌ ብሄድ ስም ይጠይቁኛል። አንዱን ሽጠን ልጅቱን ጎንደር እንላካት ብል የማን ከብት ነው የምሸጠው። እንዲህ እየዞርኩ፣ ግድግዳ ሲነካኝ እየተመለስኩ፣ አንድ በር ብቻ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። ክፍት የነበረው ያን ሰሞን በእጄ የዘጋሁት ነው።

ስልኩን ከአየሁሽ ተቀብዬ ራሴ ደወልኩ። አሥር ሰዓት አልሆነም ነበር። ፈንቴ ዛሬውኑ ትምጣ ስላት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ፣ «ምነው እትዬ፣ እየራበኝ ልሙት ብለው አልነበረም?» አለችኝ። አዎ ብያለሁ አልኳት። አሁንም እርቦኝ አይደለም ልላት አሰብኩ፣ በስልክ የሚነገር አይደለም። እዚያ የወታደር ካምፕ አለ፣ መብራት አለ፣ ሌሊት ከቀን ሰው አይጠፋም፤ ከሁሉም በላይ አባቷ ስንት ከብት እንዳለው የሚያውቅ የለም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። የሹፌሮቹን ሳቅ፣ የደላሎቹን ዓይን ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አስታወስኩ። ከሁለት ጅብ የቱ ይሻላል ተብሎ ይመረጣል እንዴ? መረጥኩ። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ስሟ መቅደስ ነው» አልኳት። «ሻይ አትበሏት፤ በስሟ ጥሯት።» ፈንቴ እሺ አለች። እሺታዋ ቶሎ መጣ።

መቅዲን ራሴ አጠብኳት። ውሃው አልበቃንም፤ ከብቶቹ ጠጥተውታል፤ ከበርሜሉ ሥር የቀረውን በጣሳ ጨልፌ ፀጉሯን በሳሙና ሁለት ጊዜ አሸሁት፣ የከብቱ ሽታ ግን አልለቀቀም። አላለቀሰችም። ለምንም አላለችም፤ ክፍሉ ውስጥ ሆና የሰማችውን ሰምታለች፣ ልጅ አይደለችም። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ በፌስታል አደረግን። የሳይንስ መጽሐፉን አውጥታ ለትምህርት ቤቱ መልሺልኝ አለችኝ፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ መልሳ ወሰደችው። ባጃጁ እስከ ገንዳ ውሃ ሁለት መቶ ብር አለን፤ ቤንዚን የለም ብሎ። የቆመው ሹፌር ቀን ከሳቁት አንዱ ይሁን አይሁን ለይቼ አላወቅሁም፣ ለማየትም ፈራሁ። አየሁሽ እስከ ፈንቴ ቤት ልታደርሳት አብራ ወጣች። ወንድማገኝ ክፍሉ ውስጥ አዛባ ይጠርጋል፤ ባጃጁ ተነስቶ እስኪሰማ ድረስ የአካፋው ድምፅ አላቋረጠም።

«እምዬ፣ መቼ ነው የምመለሰው?» አለችኝ መቅዲ፣ እግሯን ባጃጁ ውስጥ ካስገባች በኋላ።

«ከብቶቹ ሲሄዱ።»

«ከብቶቹስ መቼ ነው የሚሄዱት?»

ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቄ አሰርኩላት። ባጃጁ ዞሮ መንገዱ ላይ ሲወጣ ያረጋል ከአጥሩ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈተና ፌስታሉን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ዘንበል ስትል የማታ ማለቢያውን ጮጮ ይዤ ወደ ክፍሉ ገባሁ። እጄ ነው የወሰደኝ፤ የማልብለት እንደሌለ የታወቀኝ ላሚቱ ጎን ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጥጃዋ ተመልሳ ምሰሶዋ ላይ ታስራ ትጮኻለች። ጣቴን ሰጠኋት፤ ነክሳ ተፋችው፣ የለመደችው ጣት አይደለም። ጮጮውን አስቀምጬ የአንገቷን ቋጠሮ ያዝኩ፤ ጠዋት አጥብቄ ስላሰርኩት ቶሎ አልፈታ አለኝ፣ ጥፍሬ እስኪያመኝ ታገልኩት። ሲፈታ እየተደናቀፈች ሄዳ ከእናቷ ሆድ ሥር ገባች። ሁሉንም ጠባችው። ቤቱ ውስጥ ከመዋጧ በቀር አንድ ድምፅ አልነበረም። ለካ ይህን ያህል ዝም ማለት ትችል ኖሯል።